ሐረግ የወረሰውን መሬት ለማረስ፦ ስላሸር፣ ዲስክ ወይስ ሮታቬተር?

ጦሙን ያደረ መሬት ሊያሳርስ ትራክተር የሚከራይ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። በሄክታር ስንት? በሰዓት ስንት? ትራክተሩ ከኋላው ምን አስሮ እንደሚመጣ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ማሳው ዓምና የታረሰ ከሆነ ይሄ ብዙም አይጎዳም። ሁለት ሦስት ክረምት ማረሻ ሳይነካው የቆየ፣ ዳዋ የበላው፣ ሐረግ ከቁጥቋጦ ወደ ቁጥቋጦ እየተሳበ የሸፈነው መሬት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያለቦታው የገባ መሣሪያ ሐረጉን አያጠፋውም፣ ያራባዋል እንጂ። ኪራዩን ትከፍላላችሁ፣ ናፍጣውን ትችላላችሁ፣ በመጨረሻ ለሐረጉ የለሰለሰ መደብ አዘጋጅታችሁለት ቤት ትገባላችሁ።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። አንድ መሣሪያ ብቻውን ይሄን ሥራ አይጨርስም። ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ከመሬት በላይ ያለው ይቆረጣል፣ ቀጥሎ ከመሬት በታች ያለው ተገልብጦ ለፀሐይ ይሰጣል፣ ማለስለሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል። አፈሩን በሚሽከረከሩ ቢላዎች ፈጭቶ የሚያለሰልሰው ሮታቬተር ቀድሞ ከገባ ሥራው ተበላሸ ማለት ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ይሄን ቅደም ተከተል በኪሳችሁ፣ በአፈራችሁና በሐረጋችሁ ዓይነት እንዴት እንደምትቀንሱትና እንደምታስተካክሉት ነው። በአብዛኛው እያሰብኩ ያለሁት የመተማ፣ የቋራ፣ የሁመራና የቤኒሻንጉል ዓይነቱን የቆላ እርሻ ነው፤ ሰሊጥ፣ ማሽላ፣ ጥጥ የሚዘራበትን። ደጋ ላይ ያላችሁም ብዙውን ትጠቀሙበታላችሁ።

መጀመሪያ ዶማ ይዛችሁ ውጡ

ትራክተር ከመጥራታችሁ በፊት ማሳው ውስጥ አራት አምስት ቦታ ቆፍሩ። ሐረጉን ከላይ ብቻ አይቶ መወሰን አይቻልም። ነገሩን ሁሉ የሚወስነው ሥሩ ነው።

ስትነቅሉት አጭር ሥሩን ይዞ በቀላሉ ከወጣ፣ በየዓመቱ ከዘር የሚበቅል ሐረግ ነው። ክረምት ይንሰራፋል፣ በጋ ይደርቃል። ሲያዩት ያስፈራል እንጂ ለማጥፋት ቀላሉ እሱ ነው። ዘር ሳይጥል ከቆረጣችሁት ግማሹ ሥራ አለቀ።

ስትጎትቱት ነጭ ገመድ የሚመስል ሥር አሳይቶ ተበጥሶ ከቀረ ግን ተዘጋጁ። ቅጠሉ የቀስት ጫፍ ዓይነት ቅርጽ ያለው፣ አበባው ነጭ ወይም ፈዛዛ ሮዝ የሆነ መሬት ለመሬት የሚሳብ ሐረግ አለ፤ የሳይንስ ስሙ ኮንቮልቩለስ አርቬንሲስ ይባላል። የዚህ ጉድ ሥር ከ3 ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል። 5 ሴንቲ ሜትር የምታህል ቁራጭ ሥር አፈር ውስጥ ከቀረች ራሷን ችላ ትበቅላለች። ዘሩ ደግሞ አፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ይሄን በአንድ በጋ አጠፋለሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት። ማድከም ይቻላል። በደንብ ካደከማችሁት ሰብሉ ይበልጠዋል።

ሦስተኛው ግንዱ እንጨት የሆነ ነው። አዞ ሐረግ፣ ከእሱ ጋር የተጠላለፈ ቀጋ፣ እንጆሪ፣ አጋም፣ የወፍ ቆሎ። ይሄ የሐረግ ሳይሆን የምንጣሮ ሥራ ነው። ጉቶ አለው። ጉቶ ባለበት የመሣሪያ ምርጫው ይጠባል።

አንዳንድ ማሳ ላይ ደግሞ ሥር የሌለው፣ ቅጠል የሌለው፣ ቢጫ ክር የሚመስል ጥገኛ ሐረግ ሌሎች ተክሎች ላይ ተጠምጥሞ ይታያል። ኑግ የሚዘሩ ሰዎች በደንብ ያውቁታል። ይሄኛው በማረሻ አይደለም የሚጠፋው፤ ያረፈበትን ተክል ጨምሮ ዘር ሳይጥል ነቅሎ ማቃጠል ነው የሚሻለው። እሱ ባለበት ማሳ የሠራ መሣሪያ ሳይጠረግ ወደ ሌላው ማሳ እንዳይሻገር።

በነገራችን ላይ ከሐረጉ ሥር ሰርዶ አለ ወይ ብላችሁም እዩ። ሰርዶና ሐረግ አብረው ካሉ ስለ ሮታቬተር የምለው ሁሉ እጥፍ ይሆናል።

በእግር ስትዞሩ ድንጋይ፣ ኩይሳ፣ የድሮ ጉድጓድ፣ የተጣለ ሽቦ ፈልጉና ረጅም እንጨት ተክላችሁ ምልክት አድርጉበት። ሐረግ የሸፈነው ጉድጓድ ትራክተር ይገለብጣል። ሌላም አለ። መሬቱ ጦሙን ያደረው በጦርነት ምክንያት ከሆነ፣ በተለይ ምሽግ የነበረበት ወይም ውጊያ ያለፈበት ቦታ ከሆነ፣ ትራክተር ቀርቶ ዶማም አታስገቡ። ያልፈነዳ ተተኳሽ ሐረግ ሥር አይታይም። ቦታው እስኪታይና እስኪጸዳ ድረስ ለአካባቢው አስተዳደርና ለጸጥታ አካል አሳውቃችሁ ጠብቁ። ክረምቱ ቢያልፍ ይለፍ።

ስላሸር

ከትራክተሩ ኋላ የሚታሰር፣ ከሥሩ እንደ አግድም ምላጭ የሚሽከረከር ቢላ ያለው መቁረጫ ነው። ኃይሉን የሚያገኘው ከትራክተሩ ፒቲኦ፣ ማለትም ከኋላው ከሚወጣው የኃይል ዘንግ፣ በካርዳን ነው፤ ካርዳን ሁለቱን የሚያገናኘው የሚሽከረከር ዘንግ ነው፤ አብዛኛው በደቂቃ 540 ዙር እንዲሠራ የተዘጋጀ ነው። 1 ሜትር ተኩል ስፋት ያለውን 40 ፈረስ ጉልበት አካባቢ ያለው ትራክተር ይነዳዋል። በኪራይ የሚገኙት ባለ 75 እና ከዚያ በላይ የሆኑት ጉልበት አያንሳቸውም።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ረጅሙን ሐረግ ይቆራርጠዋል። የተቆራረጠ ሐረግ ማረሻ ላይ አይጠመጠምም። ቀጥሎ የሚገባው ኦፕሬተርም የሚረግጠውን መሬት ያያል፤ ድንጋዩም ጉቶውም ይገለጣል። ለእኔ ይሄ ብቻውን ኪራዩን ያወጣል። ደካማ ጎኑም ግልጽ ነው፤ ሥር አይነካም። ሥሩ ጥልቅ የሆነ ሐረግ ተቆርጦ ሳምንት ሳይሞላው እንደገና ያቆጠቁጣል።

የአሠራሩ ብልሃት ሁለት ጊዜ ማለፍ ነው። መጀመሪያ መሣሪያውን ከፍ አድርጎ፣ ቀጥሎ ከመሬት 10 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር ላይ ዝቅ አድርጎ። ገና በመጀመሪያው ዙር መሬት አስልሶ የሚነዳ ኦፕሬተር ቢላውን በድንጋይ ይጨርሰዋል። ፍጥነቱ የሰው እርምጃ እንኳን አይሞላም። የማርሽ ነገር ነው፤ ሞተሩ በሙሉ ዙሩ እየሠራ ትራክተሩ ግን ይዘገያል። ክንድ የሚያህል ግንድ ላይ አትሞክሩት። እሱን በመጥረቢያና በገጀራ አስቀድማችሁ አስወግዱ።

አደጋውን ሳልናገር አላልፍም። ስላሸር ድንጋይ ይወረውራል፣ ሩቅ ይወረውራል። ሲሠራ ልጆችም ከብቶችም ቢያንስ 100 ሜትር ይራቁ። ትራክተር ሲያይ ከኋላ እየሮጠ የሚከተል ልጅ የሌለበት መንደር የለምና ለእሱ አንድ ሰው መድቡ። ካርዳኑ መሸፈኛ ፕላስቲኩ ከሌለው ደግሞ ወደ ባለቤቱ መልሱት። ነጠላም ጋቢም ከያዘ አይለቅም። ሐረግ ሲጠመጠምበትም ሞተሩ ሳይጠፋ፣ ቁልፉ ሳይወጣ ማንም እጁን አያስገባ። «ፒቲኦውን አላቅቄዋለሁ» የሚል ኦፕሬተርን ሞተሩን አጥፋ በሉት።

ስላሸር ከሌለስ? በቆላው እርሻ ብዙ ቦታ አይገኝም። ያኔ የቀን ሠራተኛ በማጭድና በገጀራ ይሠራዋል። ከ2 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ በእጅ ማሠራቱ የተሻለ የሚሆንበት ጊዜም አለ፤ ሐረጉ ተቆርጦ፣ ተጠቅልሎ፣ ከማሳው ይወጣል። ማሽን የቆረጠውን እዚያው ይተወዋል። በበጋ ከሆነ የተተወው ደርቆ ይበሰብሳል። እርጥበት ባለበት ጊዜ ግን አንዳንዱ የሐረግ ቁራጭ ከአንጓው ሥር አውጥቶ ይጸድቃል። ስለዚህ ቆረጣው ደረቅ ወቅት ላይ ይሁን።

ዲስክ ማረሻ

ለእኔ የዚህ ሥራ ዋናው መሣሪያ ይሄ ነው። ሦስት ወይም አራት ትልልቅ ጎድጓዳ ዲስኮች አሉት፤ የአንዱ ወርድ ከ60 እስከ 71 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ዲስኩ ስለሚሽከረከር ሥርና ድንጋይ ሲያጋጥመው ይወጣበትና ያልፋል፣ አይሰካም። ገልባጭ ማረሻ፣ ማለትም ዲስክ የሌለው፣ አፈሩን በጠመዝማዛ ክንፉ የሚገለብጠው፣ ግን ይሰካል። ገልባጭ ማረሻ ንጹሕ መሬት ላይ ሣርን ቀብሮ በማስቀረት ይበልጠዋል። ሐረግና ጉቶ ባለበት ቦታ ግን እግሩ ላይ ሐረግ እየሰበሰበ በየ20 እርምጃው ያስቆማችኋል፣ ሲብስም ይሰበራል። ስለዚህ እዚህ ውድድር ውስጥ አላስገባውም።

ባለ 3 ዲስክ ማረሻ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያርሳል። ሥሩን ይበጥሳል፣ ይገለብጣል፣ ላይ ያወጣል። የጓሉ መተለቅ ብዙ ሰው ያናድዳል። «ይሄ ምን እርሻ ነው፣ ድንጋይ ቆልሎ ሄደ» ይባላል። ሐረግ ላለበት መሬት ግን የምትፈልጉት ይሄንን ነው። ትልቅ ጓል ውስጥ ያለ ሥር በበጋ ፀሐይና ነፋስ ይደርቃል። ወዲያው ከከሰከሳችሁት ሥሩን በለሰለሰ አፈር መልሳችሁ ቀበራችሁት ማለት ነው። ታግሳችሁ ተዉት። ቢያንስ ስድስት ሳምንት፣ ሁለት ወር ይቆይ።

ማስተካከያው ላይ ዓይናችሁን ጣሉ። ዲስኩ ከጉዞው አቅጣጫ ጋር ያለው ማዕዘን ከ42 እስከ 45 ዲግሪ፣ ወደ ኋላ ያለው ዘንበል ማለት ደግሞ ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ነው። መሬቱ ጠንክሮ አልገባ ካለ ዲስኩን ቀና ማድረግ፣ ወይም ክብደት መጨመር ነው። ድንጋይ የሚጭኑበትን አይቻለሁ፤ በደንብ ከታሰረ ይሠራል። ሰው ማስቀመጥ ግን አይሞከርም። ዲስኩ ደንዝዞ ጠርዙ ከተጠቀለለ ሥር አይቆርጥም፣ ይጨፈልቃል። ከመስማማታችሁ በፊት ጠርዙን በእጃችሁ ዳስሱት።

መከስከሻ፣ ማለትም ሃሮው

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቆላ ላይ ሰሊጥ የሚዘራ ሰው የለመደው በሃሮው፣ ብዙ ዲስኮች በረድፍ በተደረደሩበት መከስከሻ፣ አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ አስኪዶ መዝራት ነው። በየዓመቱ ለሚታረስ መሬት ያዋጣል፤ ሰሊጥ ዘሩ ትንሽ ስለሆነ ጥልቅ እርሻም አይፈልግም። ሐረግ በወረሰው መሬት ግን ሃሮው ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ገብቶ የላይኛውን ሥር ቆራርጦ ይበትናል። ታችኛው ሥር ንክች አይልም። ከሩቅ ሲያዩት መሬቱ ጥቁር ብሎ የታረሰ ይመስላል። ሐምሌ ላይ ጉዱ ይወጣል።

ይሁን እንጂ ሃሮው በሁለተኛው ዙር ተተኪ የለውም። ዲስክ ማረሻ ገልብጦ፣ በጋው አድርቆ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል የቀሩት ሥሮች ያቆጠቁጣሉ። ያኔ ነው ሃሮው የሚገባው። አዲሱ ቡቃያ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚኖረው ሥሩ ያጠራቀመውን ምግብ እየበላ ነው። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ግን ቅጠሉ ምግብ ሠርቶ ወደ ሥር መመለስ ይጀምራል። ስለዚህ ቡቃያው ከታየ ከ8 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ቁረጡት። ከሥሩ የተበደረውን ሳይመልስ ያዙት። እንደገና ሲበቅል እንደገና። ዝናቡ ፈቅዶላችሁ ሁለት ዙር ከሠራችሁ ልዩነቱን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

ሃሮው ስትከራዩ የፊተኛው ረድፍ ዲስኮች ጠርዛቸው ጥርስ ጥርስ የሆነውን ምረጡ። ለስላሳ ጠርዝ ያለው በሐረግ ላይ ይንሸራተታል። ክብደትም ይፈልጋል፤ ቀላል ሃሮው ሐረግ ላይ እየጋለበ ይሄዳል።

ሮታቬተር

ይሄ መሣሪያ ብዙ ወዳጅ አለው። አንድ ጊዜ አልፎ መሬቱን ዱቄት ያደርገዋል። ቲማቲምና ሽንኩርት የሚያለሙ ሰዎች ሲወዱት አይገርመኝም። ሐረግ ላይ ግን ሁለት ችግር አለበት።

አንደኛው ሜካኒካል ነው። የሚሽከረከረው ዘንግ ሐረጉን እንደ ድር ይጠመጥመዋል። ጫፍና ጫፍ ላይ ባለው ኩሽኔት ውስጥ ይገባል፣ የዘይት መከላከያ ጎማውን ይበላዋል፣ ዘይቱ ይፈሳል፣ ኩሽኔቱ ይጋያል። ባለቤቱ ደግሞ ጉዳቱን በእናንተ ላይ ይቆጥረዋል። በየመሐሉ ቆሞ ሐረግ በቢላ እየቆረጡ ማውጣቱም የሚፈጀው ሰዓት ቀላል አይደለም፤ በሰዓት የምትከፍሉ ከሆነ በሐረግ መቁረጫ ሰዓትም እየከፈላችሁ ነው።

ሁለተኛው ይብሳል። ከላይ እንዳልኩት ሥሩ ጥልቅ የሆነው ሐረግ ከ5 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ይበቅላል። ሮታቬተር አንዱን ሥር ወደ ብዙ እንዲህ ዓይነት ቁራጭ ቀይሮ፣ በለሰለሰና እርጥበት በያዘ አፈር ውስጥ ቀብሮ ይሄዳል። ሰርዶም ላይ ያው ነው። ከዚህ የተሻለ ማራቢያ ዘዴ ብትጠይቁኝ አላውቅም።

መቼ ይገባል ታዲያ? ሐረጉ በየዓመቱ ከዘር የሚበቅለው ዓይነት ብቻ ከሆነ፣ ተቆርጦና ተጠርጎ ከወጣ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ የዘር መደብ ለማለስለስ ይሆናል። ዋልካ አፈር እርጥብ ከሆነ ግን ያኔም ይቅር። ያቦካዋል፣ ከሥሩም ድፍን ንጣፍ ይፈጥራል።

ችዝልና ዶዘር፣ በአጭሩ

ችዝል ባለ ጥርስ ማረሻ ነው። አይገለብጥም፣ ሥሩን እያበጠረ ወደ ላይ ይጎትታል። በደረቅ ወቅት፣ ሐረጉ ከላይ በደንብ ከተወገደ በኋላ ካገኛችሁት ከዲስክ ማረሻ ቀጥሎ ብታስገቡት ድንቅ ነው። ከላይ ሐረግ እያለ ግን ጥርሶቹ ላይ ቆጥ ይሠራል።

ዶዘር የሚያስፈልገው ጉቶና ዛፍ ካለ ብቻ ነው። ለሐረግ ብሎ ዶዘር የሚያስገባ ሰው የላዩን ለም አፈር ገፍቶ ጥግ ላይ ይከምረዋል፤ ሐረጉም እዚያው ክምር ላይ ተደላድሎ ይበቅላል። ድንበር ላይ ዛፍ ካለ ደግሞ አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ ዋንዛውንም ግራሩንም አትንኩት፣ ለጥላም ለአፈርም ይጠቅማል።

ሂሳቡ

ቀላል ስሌት ልስጣችሁ። የመሣሪያውን ስፋት በሜትር፣ ፍጥነቱን በሰዓት በኪሎ ሜትር አባዙና ለ10 አካፍሉ። በሰዓት ስንት ሄክታር እንደሚሠራ ይሰጣችኋል። ከዚያ ላይ ለመዞሪያና ለመቆሚያ ሩቡን ቀንሱ።

1 ሜትር ተኩል ስላሸር ጥቅጥቅ ባለ ሐረግ ውስጥ በሰዓት 2 ተኩል ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ ለአንድ ሄክታር 3 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይፈልጋል። ባለ 3 ዲስክ ማረሻ ስፋቱ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው እንበል፤ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ሄክታሩን በ3 ሰዓት ይጨርሳል። 2 ሜትር ከ40 ስፋት ያለው ሃሮው በ6 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ ስላሸር፣ ዲስክ፣ ሃሮው ሁለት ጊዜ ስትደምሩት በሄክታር ወደ 8 ሰዓት ተኩል ነው። ሮታቬተር በአንድ ዙር በ3 ሰዓት ጨርሶ ሲሄድ ርካሽ ይመስላል። በክረምቱ ለአራሚ የምትከፍሉትን ሁለት ሦስት ዙር የጉልበት ዋጋ ጨምሩበትና እንደገና ደምሩት።

ውሉ ላይም አንድ ነገር። ለቆረጣ በሰዓት፣ ለእርሻ በሄክታር ተስማሙ። ቆረጣን በሄክታር የተዋዋለ ኦፕሬተር ቶሎ ለመጨረስ እየበረረ ግማሹን ሐረግ አስተኝቶት ያልፋል። እርሻን በሰዓት የተዋዋለ ደግሞ ማርሹ ከሁለተኛ አይወጣም። ጥልቀቱንም በቃል አትተዉት፤ ልኬት ያለው እንጨት ይዛችሁ ከኋላው ሂዱ። የማሳው ስፋት በጥማድ የሚነገር ከሆነም አስቀድማችሁ በገመድ ለኩት፣ ያንዱ ጥማድ ከሌላው አይገጥምም።

ወቅቱ

ሁሉም ነገር የሚጀምረው ዝናቡ ሲያበቃ ነው። ጥቅምት መጨረሻ ወይም ኅዳር ላይ አፈሩ ውስጥ ገና እርጥበት አለ፣ ማረሻም ይገባል። ዋልካ መሬት ከሆነ ይሄ ጊዜ ካለፈ አለቀ፤ የካቲት ላይ ይሰነጠቃል፣ ይጠነክራል፣ ዲስኩ ከላይ እየተንሸራተተ ናፍጣ ብቻ ይበላል። አፈሩ ለእርሻ ደርሶ እንደሆነ ለማወቅ ከ15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አንስታችሁ በእጃችሁ አሹት። እንደ ሊጥ ከተጠቀለለ ጠብቁ። ከፈረፈረ ግቡ።

ኅዳር ላይ ቆርጣችሁ ገልብጣችሁ፣ ታኅሣሥ፣ ጥርና የካቲትን ለፀሐይ ትተውታላችሁ። በግንቦት ዝናብ የሚበቅለውን በሃሮው ትመቱታላችሁ። ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ መጀመሪያ ዘር። ኅዳር ያለፈበት ሰው፣ ግንቦት ላይ «አሁን ምን ላድርግ» ካለኝ፣ መሬቱን በሙሉ አትዝራ እለዋለሁ። ግማሹን አሳምረህ አርስ፣ ግማሹን እየቆረጥክ ለከርሞ አቆየው።

እሳትስ? ቆላ ላይ የተለመደ ነው። ላዩን ይበላል፣ ሥሩን አይነካም። አፈሩ ላይ የሚቀረውን ቅሪት ያመክናል፣ ነፋስ ከመጣ የጎረቤት ክምር ይዞ ይሄዳል። የተቆረጠውን ሰብስቦ ሜዳ ላይ ማቃጠል አንድ ነገር ነው፣ ማሳን ለኩሶ መልቀቅ ሌላ።

መድኃኒት መጨመር ለሚፈልግ

ሥሩ ጥልቅ ለሆነው ሐረግ ብቻ አስቡት። ግሊፎሴት የተባለው አረም ማጥፊያ ወደ ሥር የሚወርደው ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ እያደገ ሲሆን ነው። በደረቀ ወይም ገና በተቆረጠ ሐረግ ላይ መርጨት ገንዘብ መበተን ነው። ቆርጣችሁ፣ እንደገና አቆጥቁጦ ቅጠል ሲያበዛ፣ በተለይ ሊያብብ ሲል ርጩ፤ ከረጫችሁ በኋላም መድኃኒቱ ወደ ሥሩ እንዲወርድ ከ7 እስከ 14 ቀን ሳታርሱ ቆዩ። በማግስቱ ማረስ መድኃኒቱን መንገድ ላይ መቁረጥ ነው።

ቱ ፎር ዲ (2,4-D) ጤፍና ስንዴ ላይ የለመዳችሁት መድኃኒት ነው፣ ቅጠለ ሰፊ የሆነውን ሐረግም ያቃጥላል። ነገር ግን ጥጥ ከሩቅ በነፋስ ሽታው ብቻ ደርሶት ቅጠሉ ይጨማደዳል፤ ሰሊጥም አይወደውም። ጎረቤታችሁ ጥጥ ከዘራ እርሱት። ጓንት፣ ቦት ጫማ፣ የአፍ መሸፈኛ ሳይኖር የሚረጭ ሰው ማሳችሁ ውስጥ አታስገቡ፤ ባዶ ዕቃውንም ለውኃ መቅጃ አትስጡ፣ ብሱት።

ለእናንተ የቱ?

ከ1 ሄክታር በታች፣ ሐረጉ በየዓመቱ የሚበቅል ዓይነት ከሆነ፦ በእጅ አስቆርጡ፣ ከማሳው አውጡ፣ ሃሮው ሁለት ጊዜ። ዲስክ ማረሻ አያስፈልጋችሁም። በሬ ካላችሁ ትራክተሩም ላያስፈልግ ይችላል።

ሥሩ ጥልቅ ከሆነ፣ ማሳው ትንሽም ይሁን ትልቅ፦ ዲስክ ማረሻ በኅዳር። ገንዘባችሁ ለአንድ መሣሪያ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ምርጫዬ እሱ ነው፤ ቆረጣውን በሰው፣ ክስከሳውን በበሬ ጨርሱት። ጎረቤቶቻችሁ ተመሳሳይ መሬት ካላቸው አንድ ላይ ሆናችሁ ጥሩት፤ ለአንድ ሄክታር ሩቅ የማይመጣ ባለ ትራክተር ለ20 ሄክታር ይመጣል፣ ስላሸሩንም ጭኖ ይመጣል።

እንጨትና ጉቶ ካለ፦ መጀመሪያ ሰው፣ ከዚያ ስላሸር፣ ከዚያ ዲስክ። ጉቶው ካልተነቀለ ሃሮውም ሮታቬተሩም አይግቡ።

በመስኖ አትክልት ለማልማት አስባችሁ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያውን ዓመት ለአትክልት አትስጡት። በቆሎ ወይም ማሽላ በመስመር ዝሩበት። በመስመሩ መሐል መኮትኮት ይቻላል፣ ቁመታቸው ሐረጉን ጥላ ያለብሰዋል፣ ቅጠለ ሰፊ አረም የሚመታ መድኃኒት ካስፈለገም ይችላሉ። ሰሊጥ፣ ኑግ፣ ጥጥ፣ በርበሬ ይሄን ሁሉ አይፈቅዱላችሁም። ሐረጉ በቆሎው ላይ ሲወጣ ካያችሁ ዘር ሳይቋጥር ጫፍ ጫፉን ሳይሆን ከሥሩ ቁረጡት፤ አጨዳው ካለቀ በኋላ ስታሳርሱም ትራክተሩ ማሳውን ሳይለቅ ዲስኩ ላይ የተጠመጠመውን ሐረግና አፈር እዚያው ይጠረግ፣ የሚቀጥለው ማሳ የእናንተው ሊሆን ይችላልና።